የመኪናው ሽንት ቤት ሞላ፤ ደሴ ላይ የት ይደፋ?

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ወንድሜና እኔ ኮምቦልቻ ላይ አንድ ያረጀ ቅጥቅጥ አይሱዙ ገዝተን፣ ወንበሩን ነቅለን ቤት አደረግነው። «የቤት መኪና» እንዳትሉኝ፤ መኪና የሆነ ቤት ነው። አራት አልጋ፣ ረከቦት የሚቀመጥበት ጥግ፣ ምድጃ፣ የዕቃ ማጠቢያ፣ ከኋላ ደግሞ በር ያለው ሽንት ቤት አለው። ሐሳባችን ሐይቅን፣ ግሸንን፣ ላሊበላን በራሱ ጊዜ ማየት ለሚፈልግ ቤተሰብ ማከራየት ነው። ከወለሉ ሥር ሦስት ታንከር አሰርን፦ 200 ሊትር ለንጹሕ ውሃ፣ 150 ሊትር ለእጣቢ፣ 120 ሊትር ለሽንት ቤቱ። መሙላቱን የሚያሳይ መብራት ያለው መለኪያም ከውጭ አስመጣንለት።

ለሙከራ እናታችንን፣ አክስታችንንና ልጆቹን ጭነን ሐይቅ ሄድን። ስድስት ሰው፣ ሦስት ቀን። ያረፍንበት ግቢ ጥሩ ጉድጓድ ስለነበረው የማፍሰሻ ጎማውን ከታንከሩ ወደ ጉድጓዱ ዘርግተን፣ ቫልቩን ከፍተን ተውነው፤ እንደ ቤት ሽንት ቤት በራሱ ይወርዳል ብለን። ስንመለስ ደሴ ላይ ሽታው ሰው የሚያስወርድ ሆነ። ሸዋ በር አካባቢ አንድ የእንግዳ ማረፊያ በክፍያ ጉድጓዱን ሊያስጠቅመን ተስማማ፤ ግቢው ግን ከመንገዱ በላይ ነው። ፍሳሽ ዳገት አይወጣ ነገር። ቁልቁል ያለ ሌላ ግቢ ለምነን ቫልቩን ስንከፍት ደግሞ ጥቂት ውሃ ወጣና ቆመ። ሌላው ውስጥ ቀርቷል። መብራቱም ሙሉ ነው ይላል። ምን እናድርግ? ለወደፊቱስ ከኮምቦልቻ እስከ ላሊበላ የት ነው የሚደፋው?

(እስከዚህ የመክፈቻው ጥያቄ ነው። ክሩ፣ ማለትም ከጥያቄው ሥር የተጻፈው የመልስ ሰንሰለት፣ ስለረዘመ አዲስ የሚገባ ሁሉ ያንኑ እየደጋገመ ይጠይቃል። ስለዚህ መልሶቹን በቁጥራቸው ተራ በራሴ አፍ ልተርካቸው። ስድቡን ቀንሻለሁ፤ ጨርሼ ግን አላወጣሁትም፤ ያለ እሱ የአንዳንዱ መልስ ምክንያት አይገባም።)

1. እንኳን ደስ አላችሁ ብሎ ጀምሮ ፎቶ ጠየቀ። ስለ ሽንት ቤቱ አንድ ቃል አላነሳም።

2. እሷም ፎቶ ነው የፈለገችው፤ የረከቦቱን ጥግ።

3. የክሩ ዋልታ ይህ ነው። ጸሐፊው የወረኢሉ ልጅ ነው፤ አሜሪካ እየኖረ እንዲህ ባለ መኪና ከልጆቹ ጋር ለዓመታት ዞሯል። ስህተቴን ወዲያው አገኘው፦ ቫልቩን ከፍቶ መተው። ክፍት ሲሆን ውሃው እግር በእግሩ ይሾልካል፤ ደረቁ ግን ከመቀመጫው ሥር ይከመራል፣ ውሃ ሲያጣም ይጠነክራል። ቫልቩ ታንከሩ ቢያንስ ሁለት ሦስተኛ እስኪሞላ ተዘግቶ ሊቆይ ይገባዋል፤ ያን ጊዜ ሲከፈት የውሃው ክብደት ደረቁን ጠርጎ ይዞት ይወጣል። ከተደፋ በኋላ አሥር ሊትር ያህል ውሃ ይጨመርበታል፤ በደረቅ ታንከር መጀመር የለም። መጀመሪያ የሽንት ቤቱ ይደፋል፣ ቀጥሎ እጣቢው፤ የሳሙናው ውሃ ጎማውን አጥቦት እንዲሄድ። ጎማው ሦስት ኢንች፤ ጓንት የግድ፤ የመጠጥ ውሃ የሚሞላበት ጎማ ለዚህ ሥራ በጭራሽ አይነካም። መለኪያውንም አትመኑ ብሎናል፤ ወረቀትና ቆሻሻ ከተለጠፈበት ባዶውን ታንከር ሙሉ ነው ይላል። እነሱ ዘንድ በየማረፊያው ክዳን ያለው የጉድጓድ አፍ አለ፤ አጠገቡ የማጠቢያ ቧንቧ ቆሟል፤ መኪናውን አስጠግቶ መድፋት ነው። ወሎ ላይ ያ እስኪመጣ የሌላ ሰው ሴፕቲክ ታንክ (የሽንት ቤት ጉድጓድ) በፈቃድና በክፍያ ከመጠቀም ሌላ መንገድ እንደማይታየው ጽፎ ጨረሰ።

4. በ3 ተስማማ፤ ለክምሩም «ጦሳ» የሚል ስም አወጣለት። ደሴን የሚያውቅ ተራራውን ያውቀዋል። ከዚህ በኋላ ክምሩን በሌላ ስም የጠራው ሰው የለም፤ እኔም ጭምር።

5. አንድ የደሴ ሰው ነገሩን ሳናከብደው እንዳልቀረን ጻፈ። ማታ መኪናውን ቦርከና ወንዝ ዳር አስጠግቶ መክፈት ነው፤ ክረምት ከሆነ ደግሞ ጎርፉ ስለሚወስደው ጨርሶ አያሳስብም ባይ ነው።

6. የክሩ ጠባይ እዚህ ላይ ተለወጠ። ጸሐፊዋ የኮምቦልቻ ልጅ ናት። ደሴ ላይ የተደፋ ሁሉ በእነሱ በር እንደሚያልፍ፣ ባደገችበት ሰፈር ሰው ጎመንና ቃሪያውን ከዚያው ውሃ ሲያጠጣ እንደኖረ፣ ውሃው ከዚያ ወደ ጨፋ ሜዳ እንደሚወርድ፣ በበጋ የአፋሩም የኦሮሞውም የአማራውም ከብት ጨፋ ላይ እንደሚሰበሰብ፣ መጨረሻውም አዋሽ እንደሆነ አንድ በአንድ ዘረዘረችለት። ለ5 የላከችለትን ምርቃት እዚህ አልጽፈውም።

7. 5 ተመልሶ መጣ። የከተማው ቦይ ቀን ከሌት የሚያወርደውን እያየች ዝም ያለች ሴት በ120 ሊትር ላይ መጮኋ ገርሞታል። እውነቱን ለመናገር ነገሩ ስለቦዩ ውሸት አይደለም። ግን ጎረቤቴ ይሰርቃል ብሎ መስረቅ ሲከራከሩበትም ያሳፍራል፤ ይህን እኔም ያኔውኑ ጽፌለታለሁ።

8. የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ ያለች፣ በትሕትና ግን ጠንከር አድርጋ፣ ውሃው ስላቀጠነው ብቻ ጉዳቱ እንደማይጠፋ አስረዳች። የወስፋት እንቁላል በእርጥብ አፈር ውስጥ ወራትን፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ሳይሞት ይቆያል። ጎመኑ ላይ ያረፈ እንደሆነ ዞሮ ወደ ትሪው ይመጣል። ታይፎይዱንም በአጭሩ ነካችው።

9. ለ5 አንዲት ቃል። አወያዩ አጥፍቶታል።

10. የፊዚክስ መምህር ነው፤ እንዳየሁት ይህን ክር ከሁሉም በላይ የወደደው እሱ ሳይሆን አይቀርም። ሽንት ቤት መጣጭ መኪና እንድንጠራ የመከሩን ሰዎች እንደነበሩ አስታውሶ (በውስጥ መስመር ነው የመከሩን፤ እንዴት እንዳወቀ እንጃ) መኪናው ፍሳሹን «እንደማይስበው» አስረዳ። ቱቦው ውስጥ ያለው አየር ሲወጣ፣ ፍሳሹን ከታች ገፍቶ የሚያወጣው የውጭው አየር ግፊት ነው። በባሕር ጠለል ላይ ይህ ግፊት ውሃን እስከ 10 ሜትር ያህል ከፍ ያደርጋል። 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በተቀመጠችው ደሴ ግን አየሩ ስስ ስለሆነ ከ7 ሜትር ተኩል ብዙም አያልፍም፤ ኮምቦልቻ ላይ ወደ 8 ይጠጋል። ዝቃጭ ከውሃ ስለሚከብድና ቱቦውም ስለሚጎትተው በሥራ ላይ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ ደሴ ላይ ጥልቅ ጉድጓድ የቆፈረ ሰው መጣጩ ሥሩን አልደርስ ሲለው ሾፌሩን ባይቆጣ መልካም ነው።

11. በዕድል ቀጣዩ መልስ የራሱ የሾፌሩ ሆነ፤ መጣጭ መኪና ነጂ። አስተማሪውን አመስግኖ፣ ሰው ሲቆጣው የኖረበትን ምክንያት በቁጥር ስላገኘለት ደስታውን ገለጸ። ከዚያ ወደ እኛ ጉዳይ መጣ። ስምንት ሺህ ሊትር የሚይዝ መኪና ለ120 ሊትር ብሎ ሞተር እንደማያስነሳ፣ ሒሳቡ በሊትር ሳይሆን በምልልስ እንደሆነ ነገረን። የሚሻለው መጣጭ የቀጠረ ሰው ፈልጎ፣ መኪናው ሳይደርስ በፊት የእኛን እዚያ ጉድጓድ ላይ ጨምሮ ወጪውን መካፈል ነው። አንድ ማስጠንቀቂያም አለው፤ ይህን ሲጽፍ ቀልዱን ሁሉ ትቷል። ጎማ ቢታፈን፣ ስልክ ቢወድቅ፣ ምንም ቢሆን፣ ማንም ወደ ጉድጓድ እንዳይገባ። ታች የሚጠራቀመው ጋዝ መጀመሪያ ይሸታል፣ ሲበረታ ደግሞ አፍንጫን ያደነዝዝና ሽታው የጠፋ ያስመስላል። የወደቀውን ላወጣ ብሎ የገባ ሁለተኛ ሰውም አይመለስም። ሁለት ወንድማማቾችን በአንድ ቀን የቀበረ መንደር እንደሚያውቅ ጽፎ ወጣ። ለጥቂት ሰዓት ማንም መልስ አልጻፈም።

12. ነፍስ ይማር።

13. ሆስፒታል የሚሠራ ዘመድ ካለን ሬሳ እንዳይበሰብስ የሚያደርገውን ፎርማሊን አስመጥተን እንድንጨምርበት፣ ሽታውን ድራሹን እንደሚያጠፋው መከረ።

14. 3 ተመልሶ፣ በዚህኛው ጊዜ ትዕግሥቱ አልቆ፣ ተቆጣ። እንዲህ ያለው መድኃኒት ሽታውን የሚያጠፋው ባክቴሪያውን ስለሚገድል ነው። ያንን ይዘን በፈቃዱ ባስጠቀመን ሰው ሴፕቲክ ታንክ ውስጥ ብንደፋው እዚያ ቆሻሻውን የሚያብላላውንም ይገድለዋል፤ የሰውየው ጉድጓድ ቶሎ ይሞላል። ለደግ ሰው ውለታው ይህ ነው ወይ ሲል ጠየቀ። የፎርማሊኑ ትነትም ቢሆን ለሰው አይበጅም።

15. ታዲያ በረኪናስ? አለች አንዷ፤ ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ደባልቃ ቤቷ እንደምትጠቀም ጨምራ።

16. 8፣ የጤናዋ፣ በፍጥነት ደረሰችላት። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ያወጣል፤ ከተጠራቀመ ሽንት ጋርም ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ይሰጣል። በጠባብ መኪና ውስጥ ደግሞ አስቡት። 15 አመስግና፣ ስታጸዳ ለምን እንደሚያስላት ዛሬ ገና እንደገባት ጻፈች።

17. የሐይቅ ሰው ነው፤ ስለ እጣቢው ያነሳ ብቸኛው ሰው። ሁላችንም በሽንት ቤቱ ስንጨነቅ የሳሙናውን ውሃ ሣር ላይ ለቀን ከሆነ ብሎ ጠየቀ። (ለቀናል።) ሐይቅ ወንዝ ይገባበታል እንጂ ሲወጣ የሚታይ ወንዝ የለውም፤ ከአርዲቦ ሐይቅ የሚመጣው የአንካርካ ወንዝ የሚያመጣው ሁሉ እዚያው ይቀራል። ዳሩ ላይ የፈሰሰ ኦሞም እንደዚያው። ቦርከና ቢያንስ ቆሻሻውን ለሌላ ሰው ያሳልፋል፤ ሐይቅ ግን ለራሱ ያስቀምጠዋል ሲል፣ ከ6 ጋር አዲስ ጠብ ሊጀምር ነበር፤ አወያዩ ቶሎ ገባ።

18 እስከ 22 ሐይቅ በተጠራ ጊዜ የሚሆነው ሆነ። አንዱ አፈ ታሪኩን አነሳ፦ እርጉዝ ሴት ተበድላ፣ እግዚአብሔር ተቆጥቶ ምድሩን ውሃ ሲያደርገው እሷ የተቀመጠችበት ብቻ ደርቆ እንደቀረ። ሌላው ያ ደረቅ ቦታ ዛሬ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት እንደሆነ፣ ቀድሞ ደሴት የነበረው አሁን ከየብስ እንደተያያዘ ጨመረ። ሦስተኛው የገዳሙን አባት አቡነ ኢየሱስ ሞአንና የኖሩበትን 13ኛውን ክፍለ ዘመን አመጣ። አራተኛዋ ሴቶች እንደማይገቡበት አስታውሳ፣ እናቴና አክስቴ ከውጭ ቆመው ምን እንደተሰማቸው ጠየቀችኝ። ቡና አፍልተው ጠበቁን። አምስተኛው ስለ ዓሣ ዋጋ ነበር።

23. ወደ ጉዳያችን የመለሱን አንዲት ትልቅ ሴት ናቸው፤ ሁሉም እትዬ ይሏቸዋል። ወረቀቱን ተውት አሉ። ኩስኩስት በያዘ ቤት ሶፍት ታንከር አያፍንም፤ ውሃውም ለታንከሩ ይጠቅመዋል። 3 በደስታ ደገፋቸው፤ እነሱ ዘንድ ሰው በውሃ ቶሎ የሚበተን ልዩ ወረቀት እንደሚገዛና ጠርሙስ ውስጥ ውሃ ጨምሮ በመነቅነቅ እንደሚፈትነው ነገረን። እትዬ በዚህ ሳቁ መሰለኝ፤ የሳቅ ምልክቱን አምስት ጊዜ ልከዋል።

24. ከእግሩ ሥር ነጃሳ የተሞላ ታንከር ባለበት መኪና ውስጥ ሶላት ይቻላል ወይ የሚል ጥያቄ መጣ። ቅን ጥያቄ ነው፤ ተሳፋሪያችን ግማሹ እስላም ስለሚሆን ይመለከተናል። አወያዩ ለሚያውቁት እንተወው ብሎ ዘጋው፤ እኔም እንደዚያው።

25. የአየር ማስወጫ ቱቦ ጣሪያው ድረስ አውጥታችኋል ወይ ሲል አንድ ቧንቧ ሠራተኛ ጠየቀ። አውጥተናል። እንግዲያው የጣሪያው ማራገቢያ እየሠራ የመቀመጫውን ክዳን አትክፈቱ አለ፤ ማራገቢያው አየሩን ከታንከሩ ስቦ ቤቱ ውስጥ ያመጣዋል። ሦስት ቀን ሙሉ ሽታውን ለማስወጣት ማራገቢያውን ስናስጮህ ሰንብተናል። ወንድሜ ይህን ሲያነብ ስልኩን አስቀምጦ ወጣ።

26. ጦሳን የናደልን ይህ ነው። የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ታንከሩን እስከ ግማሹ በውሃ ሙላው፣ ጥቂት የዕቃ ሳሙና ጨምርበት፣ ሌሊቱን አሳድረው፣ ጠዋት ቫልቩን እንደዘጋህ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን መንገድ ውረድ አለ። መጠማዘዣው ታንከሩን እንደ ቅል ይንጠዋል። የሐረጎን ቁልቁለት ለዚህ ሥራ ያሰበ ሰው ከእሱ በፊት የነበረ አይመስለኝም። 10፣ መምህሩ፣ 60 ሊትር ውሃ 60 ኪሎ መሆኑንና በየመታጠፊያው ወደ ጎን እንደሚገፋ አስታውሶ ቀስ ብለን እንድንነዳ ለመነን። ቀስ ብለን ነዳን። ደሴ ቀዝቃዛ ስለሆነች የሌሊቱ ማሳደር ብዙም አላላላውም፤ መናጡ ግን ሠርቷል። ኮምቦልቻ ላይ 11 ባገናኘን ሰው ግቢ፣ መጣጩ ከመምጣቱ አንድ ሰዓት ቀደም ብለን፣ ከፍለን ደፋን። ጎማው ወደ ታች ተዘርግቶ፣ ቫልቩ በአንዴ ተከፍቶ። ሁለተኛ ዙር ውሃ ሞልተን ደገምነው።

27. በእኔ ግምት ከክሩ ሁሉ የሚበልጠው ምክር ይህ ነው፤ መውደድ ያገኘው ግን ሦስት ብቻ። ጀርመን የምትኖር የመርሳ ልጅ ናት። ሌላው ሁሉ የታንከሩን አጸዳድ ሲያስተምር እሷ ታንከሩን አውጡት አለች። አውሮፓ ላይ ብዙዎቹ መኪኖች 20 ሊትር ገደማ የሚይዝ፣ በጎን በር የሚወጣ፣ የሚሽከረከር ጎማና እጀታ ያለው ሣጥን ነው የሚጠቀሙት። ሲሞላ ክዳኑን ዘግቶ እንደ ሻንጣ እየጎተቱ ማንኛውም ሽንት ቤት ውስጥ መድፋት ነው። ግቢው ከመንገድ በላይ ቢሆን ሰው ዳገት ይወጣል። መንገዱ ለመኪና ቢጠብ ሰው ያልፋል። ደሴን የሚያህል ገደል ላይ የተሠራ ከተማ ደግሞ ከዚህ የተሻለ የሚስማማው የለም። ስድስት ሰው በአንድ ቀን ሊሞላው ስለሚችል ሁለት ያዙ አለች።

28. ክፉ ነበር። የሰው ሰገራ በሻንጣ ተሸክሞ ላሊበላ መሄድ ምን ዓይነት ሥልጣኔ ነው ሲል ተሳለቀ።

29. 27 በእርጋታ መለሰችለት፦ አሁን ያለው ምርጫ ተሸክሞ መድፋት ወይም ሌላው ደጅ መድፋት ነው። 6 በአሥራ ሁለት የጭብጨባ ምልክት አጀበቻት።

30. እንግዲህ ይህ መኪና ለሰርግ ይከራያል ወይ? ድንኳን አጠገብ ቢቆም እንግዳው ሁሉ የባለቤቱን ሽንት ቤት ከመሰለፍ ይድን ነበር።

31. ለመውሊድም።

32. መስከረም 21 ለግሸን ማርያምስ? ይህኛው ጠያቂ ቁም ነገሩን ነው፤ ባለፈው ጊዜ ሽማግሌ እናቱን ይዞ ወጥቶ የደረሰባቸውን እንግልት ረጅም አድርጎ ጽፏል።

33. ይህ የእኔው መልስ ነው። አንድ ሰው ከነማፍሰሻው ሁለት ሊትር ያህል ቢያስገባ 120 ሊትሩ ለ60 ሰው ነው። ግሸን ላይ 60 ሰው ሰዓት አይፈጅም፤ ከዚያ በኋላ መኪናውን ይዞ ያን ቁልቁለት ወርዶ፣ ደፍቶ፣ ተመልሶ መውጣት አለ፤ ሰልፉም እዚያው ይጠብቃል። ለእናቱ ብቻ ከሆነ ግን የ27ን ሣጥን ሠርተን ስንጨርስ አንዱን ያለ ኪራይ እንሰጠዋለን። ኮምቦልቻ ያለ አንድ ብየዳ ቤት ማቀፊያውን ጀምሮልናል።

34. 5 ነው። ሣጥኑ ስንት እንደሚፈጅ ጠየቀ። ዋጋውን ነገርኩት።

35. ዛሬ ጠዋት የገባ ሰው ታንከሩ በመጨረሻ ጸዳ ወይ አለ። ጸድቷል። ትናንት የመቀመጫውን ክዳን አንስቼ በስልክ መብራት ውስጡን አየሁት፤ ጦሳ የለም። መለኪያው ግን አሁንም ሙሉ ነው ይላል።